የኮሮላዋ ስፖይለር፦ የአውቶሞቲቭ ክበባችን የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ጥቅምት ላይ ክበቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበሰብ 31 ተማሪዎች መጡ። «ዘንድሮ ምን እንሥራ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ከኋላ የተቀመጠ የ11ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የእርስዎ ኮሮላ ላይ ስፖይለር እንግጠም» አለ። ከመኪና ጀርባ፣ ከኋላ ኮፈኑ ላይ የሚገጠመውን ክንፍ መሳይ ነገር ማለቱ ነው። ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ።

እውነቱን ለመናገር ልቤ አልተቀበለውም። አምና ፍሬን ፈትተን ገጥመናል፤ ካርቡሬተር አጥበናል። ከዚያ ተነስቶ ወደ ጌጥ መሄድ ትንሽ ከበደኝ። ግን የማስተምረው ፊዚክስ ነውና ጥያቄውን መልሼ ለእነሱ ሰጠኋቸው። ስፖይለር ምን ይሠራል?

«መኪናዋን ወደ መሬት ይጫናል» አሉ በአንድ ድምፅ።

በስንት ኪሎ?

ጸጥ አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በዚህ ጥያቄ አለፉ። መፍቻ አልነካንም፤ ጠመኔና ካልኩሌተር ብቻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር በጣሪያው ላይ አልፎ በኋላ መስታወት በኩል ቁልቁል ሲታጠፍ የመኪናውን ጀርባ ወደ ላይ ይስባል። ስፖይለር ይህን ፍሰት ይሰብረዋል። የእንግሊዝኛ ስሙም «አበላሽ» እንደማለት ነው፤ የሚያበላሸው ያንን ወደ ላይ የሚስበውን ኃይል ነው። ልጆቹ የታሪኩን ነገር በጣም ወደዱት። እ.ኤ.አ. በ1956 ሚካኤል ሜይ የተባለ ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ በፖርሸ 550 ላይ ትልቅ ክንፍ ገጥሞ ኑርበርግሪንግ ይዞት ሄደ። አዘጋጆቹ ግን በክንፉ እንዲወዳደር አልፈቀዱለትም። ፖርሸ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው 911 ካሬራ አርኤስ ላይ የዳክዬ ጭራ የሚመስል ስፖይለር አደረገ። ይህን ከነገርኳቸው በኋላ ደብተሮቻቸው ላይ የዳክዬ ጭራ ያልሳለ ልጅ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ስሌቱ ገባን። የነፋስ ኃይል የሚያድገው በፍጥነት ስኩዌር ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ስፖይለራችን 1 ሜትር ከ28 ሳንቲም ርዝመት፣ 12 ሳንቲም ስፋት ይኑረው ብለን ያዝን። ነፋሱ ሙሉ ግፊቱን ቀጥ አድርጎ ቢያሳርፍበት በሰዓት በ40 ኪሎ ሜትር 1.2 ኪሎ ገደማ፣ በ80 4.7 ኪሎ ገደማ፣ በ120 10.6 ኪሎ ገደማ ይጫናል። በእውነተኛ መንገድ ላይ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፤ ነፋሱ ተንሸራቶ ያልፋል እንጂ ቀጥ ብሎ አያርፍበትም። በዚያ ላይ ከተማችን ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ናት። አየራችን ከባሕር ዳርቻ አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው።

ልጁ፣ ያ ሐሳቡን ያመጣው፣ ሰሌዳውን ብዙ ጊዜ አየው። «ታዲያ በፒያሳ ለሚነዳ ሰው ምንም አይሠራም ማለት ነው?» አለ። ምንም ማለት ይቻላል አልኩት። «ግን ያምራል» አለ። በዚህም ልክ ነበር። ሲያምር ደስ የሚለው ሰው የገጠመውን ነገር በደንብ ይገጥማል። እሺ ያልኩት በዚያች ቀን ነው።

ከመግዛታችን በፊት ሁለት ልጆችን ክላውዶ (የመኪና ዓመታዊ ምርመራ) የሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ላክሁ። ሦስት ነገር ነግሯቸው ተመለሱ። የፍሬን መብራትና ታርጋ እንዳይሸፍን፣ ሹል ጫፍ እንዳይኖረው፣ ከመኪናዋ ወርድ እንዳይወጣ። ይህን ወረቀት ላይ ጽፈን ወርክሾፑ በር ላይ ለጠፍነው። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነበር።

ስፖይለሩን ያገለገለ እቃ ከሚሸጥበት አገኘነው። ከሰፊ መኪና የወጣ፣ ነጭ፣ ፋይበር፣ መሃሉ ላይ ቀይ የፍሬን መብራት ያለው። ሻጩ «ለማንኛውም መኪና ይሆናል» ብሎን ነበር። ወርክሾፕ አምጥተን ስንለካው 1 ሜትር ከ36 ሆነ። 8 ሳንቲም ይተርፋል። ከዚያ አንዲት ብዙም የማትናገር የ10ኛ ክፍል ተማሪ በአንድ የብረት ሳንቲም ስፖይለሩን ከዳር እስከ ዳር ማንኳኳት ጀመረች። ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል። ኮፈኑ ላይ የሚቆምበት ግራ እግሩ ጋ ስትደርስ ድምፁ ታፈነ። መልሳ አንኳኳች። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ስንፍቀው ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ ወጣ፤ ስቱኮው ሲነሳ ደግሞ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ። ተሸፍኖ ነው የተሸጠልን። ልጆቹ ተናደዱ፤ እኔም ተናድጃለሁ። ግን ልንመልሰው ስንል ያቺው ልጅ «ለማንኛውም ልንቆርጠው አይደል? እንጠግነዋለን» አለችና ሁሉም ዝም አለ።

የቆረጥነው ከመሃል ነው። ጫፎቹን ብንቆርጥ ቅርፁ ይጠፋል። መሃሉ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ስለሆነ 8 ሳንቲም ሲወጣለት ሁለቱ ግማሾች ልክ ይጋጠማሉ። መብራቱን አስቀድመን አወጣን። የፋይበር ብናኝ ቆዳ ያሳክካል፣ ሳንባም ይጎዳል። ስለዚህ ማስክ፣ ጓንት፣ እጀ ረጅም ልብስና መነጽር ያላደረገ ልጅ ወደ ጠረጴዛው አይጠጋም ነበር። በውስጡ የአሉሚኒየም ደጋፊ አስገብተን በፋይበር ጨርቅና በሬዚን አያያዝነው።

እዚህ ላይ ደሴ አሸነፈችን። ጊዜው ታኅሣሥ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሬዚኑን ከማድረቂያው ጋር በልኩ ቀላቅለን ቀባን። አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። በማግስቱ ጠዋት ስንነካው እንደ ማር ጣት ላይ ይጣበቃል። አንዱ «ማድረቂያውን እንጨምርበት» አለ። ከለከልኩ። ማድረቂያ ሲበዛ ሬዚኑ ከመጠን በላይ ይግልና ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ችግሩ ሙቀት ማጣት ነው። ያኔ አንድ ልጅ «አክስቴ ኮምቦልቻ ናት፤ ጊቢዋ ሙሉ ቀን ፀሐይ ነው» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት የተጣበቀውን ፍቀን አጽድተን፣ ስፖይለሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። አክስትየው ጊቢያቸው ውስጥ ቦታ ለቀቁልን። እንደ አዲስ ቀባነው። ልጆቹ በየአሥር ደቂቃው እየሄዱ ሲያዩት «አብሽሩ ልጆቼ፣ ይደርቃል፤ እናንተ ቡና ጠጡ» ይሉናል። ሦስተኛው ቡና ሳይወርድ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ማቴሪያል ከሙቀት ጋር ያለውን ነገር ከዚያ በላይ አድርጌ በሰሌዳ ላስተምር አልችልም።

ቀጥሎ እግሮቹ መጡ። የኮሮላዋ የኋላ ኮፈን ትንሽ ይጎብጣል፤ የስፖይለሩ እግሮች ግን ጠፍጣፋ ናቸው። ኮፈኑ ላይ ወረቀት ፕላስተር አነጠፍን። በላዩ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራውን ፊት ወደ ላይ አድርገን ለጠፍን። ከዚያ ስፖይለሩን ራሱን በቦታው ላይ ወዲያ ወዲህ አሸነው። ኮፈኑ ራሱ ቅርፁን ለእግሩ ሰጠው። ሁለት ከሰዓት ፈጀ። መጨረሻ ላይ ወረቀት በመሃል ሲገፉ አልገባ አለ። እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ ደስታዬን መደበቅ አልችልም።

ቀዳዳ የመብሳቱ ቀን ሁሉም ፈርቶ ነበር፤ እኔም። አንድ የሰፈራችን ላሜራ ሠሪ ሊያግዙን መጥተዋል። «ጋሼ፣ እርስዎ ይብሱት» አሏቸው ልጆቹ። እሳቸው ትራፓኖውን መልሰው ሰጧቸው። «የእናንተ ነው። ግን ካርቶናችሁን አሳዩኝ» አሉ። ከካርቶን የሠራነውን ልክ በኮፈኑ መሃል መስመር ላይ አድርገው ከግራም ከቀኝም ለኩ። በአንድ በኩል 4 ሚሊ ሜትር ተዛንፎ ተገኘ። አስተካከልን። ሹል ብረት በመዶሻ መትተን ምልክት አደረግን፤ ፑንታው (የትራፓኖው መብሻ ጫፍ) እንዳይንሸራተት ነው። መጀመሪያ በ3 ሚሊ፣ ከዚያ በ8 ሚሊ ፑንታ። የቀዳዳውን ጠርዝ በሞረድ አለዘብን። እርቃኑን የቀረውን ብረት ጸረ ዝገት ቀለም ቀባን። ከውስጥ በኩል ላሜራው እንዳይጎብጥ ሰፋ ያለ ሮንዴላ (መሃሉ ክፍት ክብ ብረት)፣ ከላይ የጎማ ሮንዴላና ሲሊኮን አደረግን። ብሎኑን የሚያስረው ዳዶ በጣም እንዳይጠብቅ አስጠነቀቅኳቸው። ፋይበር ሲጨነቅ ይሰነጠቃል።

ኮፈኑ ውስጥ ጋዜጣ አንጥፈን አንድ ባልዲ ውኃ አፈሰስንበት። ከፈትን። በግራ በኩል ጋዜጣው ላይ የሳንቲም መጠን ያለው እርጥብ ቦታ ነበር። ትንሽ ናት ያለ ልጅ አልነበረም። በደሴ ክረምት ያቺ ጠብታ ዝገት ናት። ፈታነው። ጠርዙ ላይ የቀረች ትንሽ የብረት ስንጥር ጎማውን አንስታው ነበር። ሞረድ፣ ቀለም፣ ሲሊኮን እንደገና። በሁለተኛው ጊዜ ጋዜጣው ደረቅ ወጣ። ያንን ጋዜጣ አንዱ ተማሪ አጣጥፎ ወስዶታል።

ስፖይለሩ 3 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ስለዚህ ኮፈኑ ሲከፈት በራሱ መቆም አቃተው፤ ይወድቃል። የሚያነሳውን ጠምዛዛ ብረት ወደ ቀጣዩ ጥርስ ማዛወር ያስፈልጋል። ይህን ላሜራ ሠሪው ብቻቸውን እንዲሠሩት አደረግሁ። ብረቱ የታመቀ ጉልበት አለው፤ ካመለጠ ፊት ይመታል። ልጆቹ ራቅ ብለው አዩ። ቀለሙም ሌላ ቦታ ተቀባ፤ ቀለም መርጫ ፒስቶላ የለንም።

የቀረው መብራቱ ነበር። ገመዱን የያዘችው ያቺው ሳንቲም ያንኳኳች ልጅ ናት። መጀመሪያ ያገናኘችው ከማታው መብራት ገመድ ጋር ሆነና ስፖይለሩ ፍሬን ሳይያዝ ቀይ ሆኖ ቀረ። አላፈረችም። ቴስተሩን ይዛ አንዱ ፍሬን እንዲረግጥ፣ ሌላው እንዲለቅ እያደረገች ትክክለኛውን ገመድ ፈለገች። በስታኞ በየደችው፤ በናስትሮ ጠቀለለችው። ኮፈኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ገመዱ እንዳይበጠስ መታጠፊያው ጋ ላላ አድርጋ ተወችው። ይህን እኔ አልነገርኳትም።

በዓመቱ ሌላም ሠርተናል። ስለ ባትሪና ስለ ጎማ ንፋስ ለታችኛው ክፍል ተማሪዎች ገለጻ ሰጥተናል። ከ31ዱ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 19 ናቸው። ወርክሾፑን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለከፈቱልን የጥበቃ ሠራተኞች ከልብ አመሰግናለሁ።

ግንቦት ላይ የኋላ መስታወቱና ኮፈኑ ላይ አጫጭር የሹራብ ክር ለጥፈን የአየሩን መንገድ ልናይ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። እኔ ኮሮላዋን እነዳለሁ፤ አንድ ባልደረባዬ በቪትዝ መኪናው ተማሪዎች ይዞ ይከተለኛል። ሜዳው ላይ በ60 ስንነዳ ክሮቹ ከመስታወቱ አናት ላይ ተኝተው፣ ከታች ግን እየተሽከረከሩ በስልክ ተቀረጹ። ስሌታችን እንዳለው ስፖይለሩ ያመጣውን ለውጥ በዓይን መለየት አልተቻለም።

ሌላውን ያየነው ግን ጠዋት ስንወርድ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ነበርና ሐረጎ በጉም ተሸፍኗል። ጭቃው የታችኞቹን መብራቶች ሸፍኗቸዋል። በየመታጠፊያው ፍሬን እየያዝኩ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ኮምቦልቻ ደርሰን ስንቆም ልጅቷ ከቪትዙ የፊት ወንበር ወርዳ ወደ እኔ መጣች።

«ቲቸር፣ ሐረጎ ላይ 23 ጊዜ ፍሬን ያዙ» አለችኝ። «ሁሉንም አይቻቸዋለሁ።»