እትዬ የሚሰሙት አንቺን ነው

እህትዓለሜ፣

እንዴት ነሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ቆየሁ። ዛሬ ልደውል፣ ነገ ልደውል ስል ቀኑ ረዘመ፤ በኋላ መደወሉ ራሱ አሳፈረኝ። ይቅር በይኝ። አንቺም ብትሆኚ ስልክ ማንሳት አትወጂም፣ አቦ!

አሁን የምጽፍልሽ ስለ እትዬ ነው። አትደንግጪ፣ ደህና ናቸው። የታመመው ትንሹ ልጄ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል። "ከዓይኔ ጀርባ ያመኛል" አለኝ። ይህቺን ሕመም እኔና አንቺ እናውቃታለን። በ2006 አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተን ስናቃስት ደንጊ የሚባል ስም እንኳ ሰምተን አናውቅም ነበር።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም አልተናገርኩትም። ሳላስመረምረው አይቡፕሮፌን ሰጠሁት። ነርሷ ስትሰማ ተቆጣችኝ። ለካ ደም መፍሰስን ያባብሳል፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ ነው የሚሰጠው። የወባ ምርመራው ኔጋቲቭ ሆነ፣ ደንጊ ነው አሉኝ። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። ዳነልኝ ብዬ እልል ልል ስል ሆዱን ይዞ ያስመልሰው ጀመር። አደጋው የሚመጣው ትኩሳቱ ሲወርድ መሆኑን ማን ነገረኝ? ሁለት ቀን ግሉኮስ ተደርጎለት ተኛ። አሁን ተመስገን፣ ኳሱን እያንከባለለ ነው።

ከዚያ እትዬ ገንፎ ይዘውልን መጡ። ሳህኑን ልመልስ ስሄድ የጓሮውን በርሜል ገለጥኩት። ያው ሰማያዊው። የትንኝ እጮች ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል። ጥላዬ ሲያርፍባቸው እየተጥመለመሉ ወደ ታች ሰመጡ። ሰውነቴን ወረረኝ።

"ውሃው እኮ ንጹህ ነው ልጄ፣ ትንኝ የምትወደው ረግረግ ነው" አሉኝ። ችግሩ ይሄው ነው። የደንጊዋ ትንኝ የምትራባው እንዲህ ያለ ቤት የተጠራቀመ ንጹህ ውሃ ላይ ነው። በ2011 ቺኩንጉንያ የሚባለውን በሽታ ያመጣችብን እሷው ናት። የምትነክሰውም በቀን ነው፤ ማታ አጎበር ውስጥ መተኛት ብቻውን አያድንም። "ይደፋ" ብላቸው "ስንት ቀን ጠብቄ ያገኘሁትን ውሃ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ የድሬን ውሃ ታውቂው የለ። ግን አጥብቆ መክደን ይቻላል። ሲያልቅም ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጎ ማጠብ። እንቁላሉ እዚያ ተለጥፎ ወራት ደርቆ ይቆያል፣ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ከእንቁላል እስከ ትንኝ አሥር ቀን ቢፈጅበት ነው።

የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ሌላ ነው። ደንጊ አራት ዓይነት ነው። አንዱ የያዘው ሰው ሌላኛው ሲደግመው ሊጠናበት ይችላል። እትዬም በ2006 ከኛ ጋር ታመው ነበር፣ ረሳሽው? ያኔ ጠንካራ ነበሩ። አሁን ሲነሱ ግድግዳ ይዘው ነው።

እባክሽ እሑድ ደውይላቸው። እኔን ሳቅ ብለው ነው የሚያልፉኝ፤ አንቺ ካልሽ ግን ያደርጉታል። ለክዳኑ የሚሆን ወንፊት ጨርቅ እኔ ከታይዋን ገበያ ገዝቼ እሰፋለሁ። ውሃ የሚያቁሩትን አሮጌ ጎማዎችም ከጓሮ የሚያወጣልኝ ልጅ አግኝቻለሁ፣ እሺ ብቻ ይበሉኝ። እኔ እንደነገርኩሽ ግን አትንገሪያቸው፣ ቅር እንዲላቸው አልፈልግም።

እና... ከሳቸው ጋር ስትጨርሺ ለኔም ደውይልኝ። ቁጥሬ ያው ነው።

የድሮዋ ጎረቤትሽ
ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ