ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር፦ ከ«ኤ ቢ ሲ» ዜማ በፊት ድምፁን አስቀድሙልን

ይድረስ የአንደኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ሥርዓተ ትምህርት ለምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣

የታችኛው ክፍል መምህር ነኝ። ሒሳቡንም፣ አካባቢ ሳይንሱንም፣ እንግሊዝኛውንም የማስተምረው እኔው ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ነው፤ ስለ አምስቱ የእንግሊዝኛ አጫጭር አናባቢዎች።

መስከረም ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ልጆቹ ገና ወንበሩን ሳይለምዱት «ኤ ቢ ሲ ዲ»ን በዜማ ይወርዱታል። ወላጅ ደስ ይለዋል፣ ርዕሰ መምህሩም ደስ ይለዋል። ከዚያ ድመት ማለት የሆነውን ባለ ሦስት ፊደል ቃል ሰሌዳው ላይ እጽፍና «አንብቡ» እላለሁ። «ሲ-ኤ-ቲ» ይሉኛል። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። ቃሉ ግን የለም።

በእነሱ አልፈርድም። በሀሁ ለተማረ ልጅ የፊደሉ ስም ራሱ ድምፁ ነው። «ቤ»ን ከ«ት» ጎን ካየ «ቤት» ብሎ ያነባል፣ አለቀ። እንግሊዝኛውንም የሚያነበው በዚሁ ሕግ ነው። «ሲ» ብለን ካስተማርነው «ሲ» ይላል፣ ሌላ ምን ይበል? በቁቤ የሚማረው ልጅ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ አናባቢው አንድ ሲሆን አጭር፣ ሲደገም ረጅም ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱም ሕግ አይገዛም። ይህን ግን ለልጁ የሚነግረው ሰው የለም።

እንግሊዞቹ ለራሳቸው ልጆች እንኳ ከፊደል ስም አይነሱም። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የጂም ሮዝ ሪፖርት ንባብ በድምፅ፣ በሥርዓትና በቅደም ተከተል ይጀመር ብሎ መከረ። ፎኒክስ የሚባለው ይኸው ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ልጆቻቸው በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ላይ አርባ ቃላት እያነበቡ ይፈተናሉ። ግማሾቹ ትርጉም የሌላቸው የፈጠራ ቃላት ናቸው፤ ልጁ በቃሉ የያዘውን እንዳያነበንብ። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚቀድሙት ስድስት ፊደሎች የ«ስ»፣ የ«አ»፣ የ«ት»፣ የ«ፕ»፣ የ«ኢ» እና የ«ን» ድምፅ ያላቸው ናቸው። ሁለቱ አጫጭር አናባቢዎች ናቸው። በእነዚህ በስድስቱ ብቻ ብዙ ቃል ይነበባል። እኛ ጋ ግን ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» በተራ እንሄዳለን። ልጁ የመጀመሪያውን ቃል በራሱ እስኪያነብ ድረስ ወራት ያልፋሉ።

አሁን ወደ አናባቢዎቹ ልምጣ፤ ለዚህ ደብዳቤ ያነሳሱኝ እነሱ ናቸው። በእኛ አነጋገር ኮፍያውም «ካፕ» ነው፣ ኩባያውም «ካፕ» ነው። መርከቡም «ሺፕ»፣ በጉም «ሺፕ»። ገበያ ላይ ያሉ አጋዥ መጻሕፍትም ከእንግሊዝኛው ቃል ሥር በአማርኛ የሚጽፉት ይህንኑ ነው። የሚገርመው መፍትሔው እዚያው ፊደል ገበታችን ላይ መኖሩ ነው። የኩባያው አናባቢ ወደ ግዕዙ «ከ» ይጠጋል፤ «ከፕ» ቢባል ከ«ካፕ» ይሻላል። የመርከቡ ደግሞ በ«ሺ» እና በ«ሽ» መካከል ነው። «ሽፕ» ያለ ልጅ «ሺፕ» ካለው ይልቅ ቀርቦታል።

ክፍል ውስጥ የምሠራበትን አንድ መልመጃ ልንገራችሁ። በ«ብ» እና በ«ግ» መካከል አምስቱን አናባቢዎች እያፈራረቅኩ አስገባለሁ። ቦርሳው «ባግ» ነው፣ ግን አገጭ ወርዶ፣ «ባ» ወደ «ቤ» ዘንበል ብሎ። መለመን «ቤግ» ነው፣ ከእኛ «ቤ» ትንሽ ከፈት ብሎ። ትልቅ «ብግ»፣ ረግረግ «ቦግ»፣ ትንሿ ነፍሳት ደግሞ «በግ»። እዚህ ላይ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ በግ ነፍሳት ሆነ ተብሎ። ይሳቁ። የሳቁበትን ድምፅ አይረሱትም። መጀመሪያ በጆሮ ብቻ ነው፣ ያለ ጠመኔ፤ እኔ እላለሁ፣ እነሱ ይለያሉ። ጆሯቸው ከለየ በኋላ ፊደሉን አሳያለሁ። አማርኛው መወጣጫ ብቻ ነው፤ ድምፁ ከተያዘ በኋላ ከሰሌዳው ይጠፋል።

አገራችን ይህን ዓይነት ሥራ አታውቀውም አልልም። በ2002 ዓ.ም በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ያውም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው። ከዚያ በኋላ በዩኤስኤአይዲ ድጋፍ በሰባት ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት እንደገና ተዘጋጁ። ድምፅና ፊደልን ማያያዝ ያኔ ተገቢውን ቦታ አግኝቷል። እንግሊዝኛው ግን ያ ዕድል አልደረሰው። ፎኒክስ ዛሬ በአብዛኛው የሚገኘው መክፈል የሚችል ወላጅ ልጁን በሚያስገባበት የግል ኬጂ ነው።

የምጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። የአንደኛ ክፍል እንግሊዝኛ የመጀመሪያ መንፈቅ በአጫጭር አናባቢዎችና በባለ ሦስት ፊደል ቃላት ይጀመር። የፊደሎቹ ስም ይቆይ፤ ዜማው የትም አይሄድም። ለመምህሩ የድምፅ ቅጂ ይሰጠው፣ በስልክም በሬዲዮም የሚሰማ። ብዙዎቻችን «ካፕ» እያልን ያደግን ነን፤ በጽሑፍ መምሪያ ብቻ ጆሯችን አይስተካከልም። ቅጂው ደግሞ የለንደን ሰው ድምፅ መሆን የለበትም። አናባቢዎቹን በደንብ የሚለይ አንድ ኢትዮጵያዊ መምህር ይበቃናል። ፈተናውም አብሮ ይቀየር። በዓመቱ መጨረሻ ልጁ ሃያ ስድስቱን ፊደል በተራ እንዲጽፍ ከማድረግ፣ አይቷቸው የማያውቃቸውን ጥቂት አጫጭር ቃላት ያንብብ።

መጀመሪያ ሙከራ ይደረግ የምትሉ ከሆነ የእኔ ክፍል ዝግጁ ነው። ስልሳ ገደማ ልጆች ናቸው። ጫጫታውን ከቻላችሁት ኑ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የአንደኛ ክፍል መምህር