ቀይ ካልሲዎችሽ

ሚጣዬ፣

ዛሬ ማታ እናትሽ ሻንጣሽን ስታዘጋጅ ካልሲዎችሽን አልጋ ላይ ደርድራ ስትቆጥር አገኘኋት። 11 ጥንድ። ሲገዙ ሁሉም ነጭ ነበሩ፤ አሁን ነጭ የሚባል አንድም የለም። «ይኼን ይዛ አሜሪካ ኮሌጅ ልትገባ ነው?» አለችኝ። ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። አሥር ዓመት ሙሉ በረኪና ስትደፋባቸው የኖረችው እሷ ናት።

ይኼን የምጽፍልሽ ፊት ለፊት መናገር ስላቃተኝ ነው። ባለፈው እሑድ ራት ላይ «ሃርድ ኮርት ላይ ባድግ ኖሮ የት በደረስኩ። ክሌይ ቀርፋፋ አድርጎኛል» አልሽ፤ ካልሲሽን ባቀላው ቀይ ሸክላ ፋንታ ሲሚንቶው ቴኒስ ሜዳ ላይ ባድግ ማለትሽ ነው። እኔ ሰላጣውን አቀበልኩሽና ወሬ ቀየርኩ። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ጣራ ጣራውን እያየሁ ስመልስልሽ አደርኩ። መቼም አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ መልስ የሚመጣለት ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው።

ልክ ከሆንሽበት ልጀምር።

9 ዓመት ሳይሞላሽ የመጀመሪያው አሰልጣኝሽ ቢጫውን፣ የአዋቂዎቹን ኳስ ሰጠሽ። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ2012 ጀምሮ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚወዳደሩት በዘገምተኛ ኳስ ነው ብሏል (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፤ በእኛ ብጽፈው ስልክሽን አውጥተሽ ልታሰይ ነው)። ቀዩ ኳስ ከቢጫው 75 በመቶ ይዘገያል፣ ብርቱካናማው 50፣ አረንጓዴው 25። ሰውየው ግን ለልምምድ ነው ብሎ ቸኮለ። ቢጫ ኳስ ሸክላ ላይ እንዴት እንደሚነጥር አንቺ ታውቂያለሽ። ትከሻሽን አልፎ ጆሮሽ ጋ ይደርስ ነበር። እዚያ ላይ ለመምታት ስትታገይ እጅሽ ሳታውቂው እየዞረ እየዞረ እጀታው ሥር ገባ። እስከ ዛሬም ራኬት የምትይዢው እንደዚያ ነው። ከፍ ያለ ኳስ ሲመጣልሽ የሚያቆምሽ የለም። መሬት ለመሬት እየተሳበ የሚመጣ ኳስ ግን ያስጨንቅሻል፤ የምትሄጂበት አገር ሜዳ ላይ ደግሞ እሱ ይበዛል። ያኔ አጥሩ ጋ ቆሜ እያየሁ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔም ነው።

ደግሞ ከመስመሩ ርቀሽ ወደ ኋላ ትቆሚያለሽ። ሰርቭሽም፣ የመጀመሪያው ምት፣ ጨዋታ ማስጀመሪያ ብቻ ሆኖ ቀረ። ክሌይ ላይ ጥሩ ሰርቭም ተመልሶ ስለሚመጣ ብዙ አልደከምሽበትም። እንደኔ እንደኔ ልጅ እስከ 13፣ 14 ዓመቱ ክሌይ ላይ ይደግ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቢያንስ ግማሹን ጊዜ ሌላ ሜዳ ላይ ማሳለፍ አለበት። እኛ ይኼን ሁለተኛውን ክፍል አላደረግነውም። ገንዘቡም መንገዱም አልፈቀደ።

«ቀርፋፋ» የምትለዋ ግን አልዋጥልኝ አለች።

ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቴኒስ ሜዳ ላይ ኳስ አቀባይ እንደነበርኩ ነግሬሽ ሰልችቶሻል። አንድ ያልነገርኩሽ አለ። ያ ሜዳ ቀይ አፈር ነበር፤ ኳሱ ግን አይዘገይም ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ኳስ ይበራል። አፈሩ የያዘውን አየሩ ይለቀዋል። ፍራንክፈርት መጥቼ መጀመሪያ ክሌይ ላይ ስጫወት ኳሱ የታመመ መስሎኝ ነበር። ቶሎ ደርሼ እጠብቀዋለሁ፣ አይመጣም። እመታለሁ፣ ገና ነው። ለካ አስቀድሞ መድረስ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ደርሶ ምን ላድርግ የሚል ሐሳብ ይፈልጋል። ይኼን ሳውቅ 30 ዓመቴን አልፌ ነበር። አንቺ በ10 ዓመትሽ ታውቂው ነበር።

በየዓመቱ መጋቢት ላይ ከክለቡ አባላት ጋር ሜዳ ስናድስ አብረሽኝ ትመጪ ነበር። ብርዱ አፈሩን አሳብጦ፣ አላልቶ ይተወዋል። አሮጌውን ፍቀን እናነሳለን፣ አዲሱን የተፈጨ ጡብ ከከረጢት እያወጣን እንበትናለን፣ ውኃ እናጠጣለን፣ በከባዱ ሮለር እንዳምጠዋለን፣ እንደገና ውኃ። መስመሮቹን በምስማር እንመታለን። አንቺ ከረጢት ላይ ተቀምጠሽ ሳንድዊችሽን እየበላሽ «አባዬ፣ ጡብ ለምን ይፈጫል?» ብለሽኝ ነበር። ያኔ መልስ አልነበረኝም። በኋላ ሳነብ የፓሪሱ ትልቁ የክሌይ ውድድር የሚካሄድበት ሮላንድ ጋሮስም ቢሆን ቀዩ ነገር ከላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ብቻ እንደሆነ አወቅሁ። ከሥሩ የተፈጨ ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው። ያቺ ስስ ዱቄት ኳሱን ስትነካው ትይዘዋለች፤ ወደ ፊት የሚሄድበትን ፍጥነት ትቀማውና ወደ ላይ ትልከዋለች። በዚያች ቅጽበት ተቃራኒሽ ኳሱ ላይ ይደርሳል። አንድ ምት የሚጨርሰው ነገር የለም።

በዚህ የተነሳ ስንት ጊዜ አልቅሰሻል። ቅዳሜ ጠዋት አሰልጣኝሽ ከቅርጫት ኳስ በእጁ እየወረወረ አንድ ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ ያስሮጥሻል። 20 ኳስ ሳትስቺ ካልመለስሽ ወደ መስመሩ አጥብቀሽ መምታት ክልክል ነው። አንድ ቀን 19ኛው ላይ ሳትሽ። ራኬትሽን ወረወርሽና «መቼ ነው የምመታው?» ብለሽ ጮኽሽ። ሰውየው ራኬቱን አንስቶ ሰጠሽና «አንድ» ብሎ መቁጠር ጀመረ። በልቤ ክፉ ሰው ነው አልኩ። (እንቁላል ቀስ በቀስ ብዬ ልተርት ስል «ኦ አባዬ ደሞ ጀመረ» አልሽኝ። ተውኩት።)

አሁን 18 ሆነሽ ስትጫወቺ የማየው ያን ነው። አንድ ኳስ ከፍ አድርገሽ ለተቃራኒሽ ባክሃንዷ ላይ፣ ራኬት ከያዘችበት እጅ በተቃራኒው ጎን፣ ትሰጫታለሽ። ትደግሚላታለሽ። ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስትል ታያለሽ። ያኔ አጭር ትጥያለሽ፣ ወይ ባዶውን ጥግ ትመቺያለሽ። የመጨረሻውን ምት ሰው ያጨበጭብለታል፤ ነጥቡ ግን ከሦስት ምት በፊት ያንቺ ሆኗል። ፈጣን ሜዳ ላይ ያደጉ ልጆች ሁለተኛው ምታቸው ካልጨረሰላቸው ሐሳብ ሲያልቅባቸው ስንት ጊዜ አይተናል።

ደግሞ ሜዳ ሰውን ሙሉ በሙሉ አይሠራውም። እነሆ ከእኛ አንድ ሰዓት መንገድ ላይ ሊመን የተወለደው ቦሪስ ቤከር። ሸክላ ሜዳ በሞላበት አገር አድጎ በ1985 በ17 ዓመቱ ሣር ላይ ዊምብልደንን በላ። በነጠላ 49 ዋንጫ አለው፤ አንዱም የክሌይ አይደለም። ስቴፊ ግራፍ ደግሞ ከዚያው አካባቢ ወጥታ ሮላንድ ጋሮስን 6 ጊዜ፣ ዊምብልደንን 7 ጊዜ አሸንፋለች። ያው አፈር፣ ሁለት ዓይነት ሰው።

ልብ የምለው ግን አንዲ መሬይን ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ያደገ ልጅ በ15 ዓመቱ ከቤተሰቡ ተለይቶ ባርሴሎና ሄደ፣ ክሌይ ላይ ሊሠለጥን። በኋላ ዊምብልደንን ያሸነፈው በ2013 እና በ2016 ሣር ላይ ነው። አልካራዝንም አስቢ። ሙርሲያ ውስጥ ሸክላ ላይ አድጎ በ19 ዓመቱ፣ በ2022፣ ዩኤስ ኦፕንን ሃርድ ኮርት ላይ አሸንፎ የዓለም ቁጥር አንድ ሆነ። ከእነዚህ ልጆች ጋር ላወዳድርሽ አይደለም፤ እነሱ እነሱ ናቸው። ክሌይ እግር ያስራል የሚለውን ወሬ ግን እነሱን እያየሁ መቀበል አቃተኝ።

ያን የ2025 የሮላንድ ጋሮስ ፍጻሜ አብረን ያየነውን አስታወስሽው? አልካራዝና ሲነር። 5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ። እናትሽ ሁለት ጊዜ ቡና አፈላች። አልካራዝ ሁለት ለዜሮ ተመርቶ፣ ሲነር ዋንጫውን ለመውሰድ ሦስት ጊዜ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቶት፣ አንቺ ሶፋው ላይ ቆመሽ «አላለቀም!» ትይ ነበር። እኔና እናትሽ አልቋል ብለን ነበር። አንቺ ብቻ አላመንሽም።

አሁን ስምንት ዓመት ሙሉ በአፌ ያልወጣውን ልጻፍልሽ።

10 ዓመትሽ ነበር። ዳኛ የሌለበት የልጆች ውድድር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ልጅቷ የመታችው ኳስ መስመሩን ነካ። እኔ አጥሩ ጋ፣ በመስመሩ ትክክል ቆሜ ነበር፤ አይቼዋለሁ። አንቺ ሮጠሽ ሄደሽ ከመስመሩ ውጪ ያለ፣ ሌላ ኳስ አፈሩ ላይ ትቶት የሄደ አሮጌ ምልክት በራኬትሽ ከበብሽ። «ውጪ» አልሽ። ልጅቷ መጥታ አየችው፣ ምልክት ነው፣ ምን ትበል? አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። አሸነፍሽ።

አልተናገርኩሽም። ልናገር ፈልጌ ነበር፣ ተነስቼም ነበር። ግን ጨዋታው ሲያልቅ የመጥረጊያውን መረብ ይዘሽ ሜዳውን መጥረግ ጀመርሽ። ከዳር ወደ መሐል እየዞርሽ፣ እንደ ደንቡ። ጨረስሽ። ከዚያ እንደገና ከዳር ጀመርሽ። ቀጣዮቹ ተጫዋቾች እየጠበቁ ነበር። አንድ ሜዳ ሁለት ጊዜ ሲጠረግ ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት። መኪና ውስጥ አይስክሬም ልግዛልሽ ስልሽ አልፈልግም አልሽ። እኔም ሬዲዮ ከፈትኩ። ከዚያ ወዲህ ስትጫወቺ ከአንዴም ሁለቴ፣ ውጪ የተባለውን የተቃራኒሽን ኳስ ራስሽ ሄደሽ ምልክቱን አይተሽ «ውስጥ ነው» ስትይ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ሁሉ ያ አሮጌ ምልክት ይታየኛል። ላንቺ ይታይሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ጠይቄሽም አላውቅ።

እዚያ በኮሌጅ ጨዋታ ብዙ ጊዜ መስመሩን የምትፈርዱት እናንተው ናችሁ አሉ። ሲሚንቶ ላይ ደግሞ የሚከበብ ምልክት የለም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። መንሸራተትሽን ተጠንቀቂ። ክሌይ ላይ እየተንሸራተትሽ ነው ኳሱ ላይ የምትደርሺው፤ አፈሩ ለጉልበትሽ ያዝንለታል። ሃርድ ኮርት እግርሽን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፣ ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል። ጆኮቪች ሃርድ ኮርት ላይም ሲንሸራተት አይተሻል፤ የአውስትራሊያ ኦፕንን 10 ጊዜ አሸንፏል። አንቺ ግን መጀመሪያ ትንንሽ እርምጃ ልመጂ። ናፍቆት ከጠናብሽ አሜሪካ ውስጥም አረንጓዴ ክሌይ ያላቸው ክለቦች አሉ፣ ከድንጋይ የተፈጨ። ዩኤስ ኦፕን ራሱ ከ1975 እስከ 1977 በእንደዚያ ያለ ሜዳ ላይ ነበር የሚካሄደው። ብዙ ሰው አያውቅም፤ ለጓደኞችሽ ንገሪያቸውና ትንሽ ተኮፈሽ።

የክሌይ ጫማሽን ከሻንጣው አውጥቼዋለሁ። እንደ ዓሣ አጥንት የተሰነጣጠቀው ሶሉ አፈር ለመያዝ የተሠራ ነው፤ ሲሚንቶው በጥቂት ሳምንት ይበላዋል። በጃኬትሽ የውስጥ ኪስ ፖስታ አለ፣ እዚያ ደርሰሽ የሃርድ ኮርት ጫማ ግዢበት። ርካሹን እንዳታነሺ። ካልሲዎቹን በተመለከተ እናትሽ ስድስት ነጭ ገዝታ ከላይ አድርጋለች። ከሥር ሦስት ጥንድ ቀዩን ደብቄያለሁ። እንዳትነግሪያት።

አባትሽ