አባዬ ሪፈራሉን ለምን ሰረዝከው

አባዬ እንደምን ሰነበትክ፣ እኛ ደህና ነን። ካልጋሪ ብርዱ ጀምሯል፣ ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ሁሉንም ሰው እያሳየች ነው፣ ትልቁ ደግሞ ሆኪ ተመዝግቦልሃል፣ ተከላካይ ነው የምሆነው ይላል፣ መቼም ከማን እንደሰማው ታውቃለህ። ማታ ማታ ስለዚያ ስለምትወደው ስዊድናዊ የሆኪ ተከላካይ ስለ ሳልሚንግ ንገሪኝ እያለ አላስተኛ ብሎኛል፣ እኔም ያንተን ወሬ እደግምለታለሁ፦ አባቱ ስዊድን፣ ኪሩና ማዕድን ማውጫ ውስጥ ሲሞት ገና የ5 ዓመት ልጅ እንደነበር፣ በ1973 ቶሮንቶ ሲመጣ ስዊድኖች ፈሪ ናቸው እያሉ በዱላ በክርን ሲቀጠቅጡት ችሎ ለቶሮንቶው ቡድን ለሊፍስ 16 ሲዝን መጫወቱን፣ በ1986 የሌላ ተጫዋች የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ስለት ፊቱን ሰንጥቆት ከ200 በላይ ስፌት መሰፋቱን (ይቺን በጣም ወዷታል)። በ1976 የስዊድን ማልያ ለብሶ ካናዳን ሊገጥም ሲወጣ የቶሮንቶ ህዝብ ተነስቶ ያጨበጨበለትንም ነገርኩት። አንተ ያኔ ገና ጎንደር ነበርክ፣ ስታወራው ግን የሊፍስ ስታዲየም ጋርደንስ ውስጥ ወንበር የነበረህ ነው የሚመስለው።

ካነሳነው አይቀር ልበለው፣ እንዳትቆጣ። የሱን ሁሉ ታውቃለህ፣ የኔን ግን አንድም ጨዋታ አላየህም። ታክሲ ነው፣ ሌሊት ነው፣ እሺ። የፍጻሜው ቀን ግን እረፍት ነበርክ፣ ሶፋው ላይ ሆነህ ሊፍስን እያየህ "በርቺ" ብለህ ሸኘኸኝ። እስካሁን ያናድደኛል።

በኖቬምበር 2022 ግን ለሳልሚንግ ስታለቅስ አይቼሃለሁ። ኤኤልኤስ የሚሉት የነርቭ በሽታ ድምፁን ወስዶበት፣ የድሮ የቡድን ጓደኛው ዳሪል ሲትለር አጠገቡ ቆሞ እንባው ሲወርድ፣ አንተም እዛው ቲቪው ፊት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሳልሚንግ በ71 ዓመቱ ሞተ፣ ያን ቀን እራትም አልበላህም።

ያንተ እንደሱ ነው አላልኩም፣ እንዲህ ነው የሚል ሰው የለም። ግን እማዬ ስኒ ከእጅህ እየወደቀ ነው አለችኝ፣ ድምፅህም ስልክ ላይ ይጎተታል፣ እኔ የማልሰማ መስሎህ ሁለት ቃል ተናግረህ ለሷ ታቀብላታለህ። ስኳሩ ይሆናል፣ ቫይታሚን ማነስም ይሆናል፣ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል እኮ፣ ሳይታዩ ግን እንዴት ይታወቃል? ወራት ተጠብቆ የመጣ የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ ይሰረዛል? እንደገና አስይዣለሁ፣ ወንድሜ ከስራ ፈቃድ ወስዶ ያደርስሃል፣ መንገድ ተዘጋ ምናምን እንዳትለው። ደረጃው ላይ በረዶ ማቅለጫ ጨው አስበትኑ፣ የበረዶ አካፋውን ደግሞ እንዳትነካ።

ከሐኪም ስትመለስ አንተ ራስህ ደውልልኝ። ቢጎተትም ይጎተት፣ ስልኩን ለእማዬ እንዳትሰጣት።