ካልኩለስ የወደቀ ተማሪ በሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርሱን አያገኘውም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ሒሳብ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ያወጣችሁትን ዘገባ እዚህ ጅማ ሆኜ አነበብኩት። ብዙው ነገር አላስከፋኝም። ያናደደኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ካልኩለስ አንድ የሚባለውን የሒሳብ ኮርስ የወደቀ ተማሪ በሚቀጥለው ሴሚስተር ደግሞ ወስዶ ከጓደኞቹ ጋር መቀጠል ይችላል የምትለዋ። ዘጋቢው ይህን ከየት አመጣው? አንድ የሒሳብ ተማሪ፣ አንድ ብቻ፣ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ያቺ ዓረፍተ ነገር ጋዜጣ ላይ አትወጣም ነበር።

ኮርሱ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው። እኔ ስማርም እንደዚያ ነበር። ዛሬም የጅማ ልጆች ከተመደቡባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ለዕረፍት ሲመጡ አስጠናቸዋለሁ፤ የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ካልኩለስ አንድ ይሰጣል። ቀጥሎ ካልኩለስ ሁለት። አንድን ያላለፈ ሁለትን አይመዘገብም፣ ሁለትን ያላለፈ ሦስትን አይመዘገብም። ካልኩለስ አንድ እንደገና እስኪከፈት ደግሞ ዓመት መጠበቅ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የፍሬሽማን የጋራ ኮርሶች ስለሆነ ዋናው የሒሳብ ትምህርት የሚጀምረው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ከቀሩት ሦስት ዓመታት አንዱ እንዲህ ሲሄድ ቀላል ነገር አይደለም። ባቹ፣ አብረውት የጀመሩት ልጆች፣ ጥሎት ይሄዳል።

ይህን ስህተት ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ዘገባው ከወጣ በኋላ የማስጠናት አንዲት ልጅ አባት ደወሉልኝ። ጋዜጣው ወዲያው ይወስዱታል እያለ ልጄ ለምን ቤት ተቀመጠች፣ ምን ደብቃኝ ነው አሉኝ። ልጅቷ ምንም አልደበቀችም። እውነቱን ነው የነገረቻቸው። እናንተ ግን አባትዋ እንዳያምኗት አደረጋችሁ። ከልጃቸውና ከጋዜጣ ማንን ይመኑ? የታተመ ነገር ክብደት አለው፤ ቤት ውስጥ የሚያመጣው ጣጣም እንደዚያው።

እኔም ደርሶብኛል። የካልኩለስ አንድ ፋይናል ሳምንት ወባ ጣለኝ። ተኝቼ ታከምኩ፣ የሐኪም ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ፣ ሜካፕ (ምትክ) ፈተና ይሰጥሃል ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ሬጅስትራር ወደ ትምህርት ክፍሉ ላከኝ፣ ትምህርት ክፍሉ ወደ መምህሩ፣ መምህሩ መልሶ ወደ ሬጅስትራር። እንዲህ ስመላለስ ቀነ ገደቡ አለፈ። ኢንኮምፕሊት (ያልተሟላ) ተብሎ የተያዘው ውጤቴ ኤፍ ሆነ። ታምሜ ባገኘሁት ኤፍ ካልኩለስ ሁለት መመዝገብ አትችልም ተባልኩ።

ይህንን አልተቃወምኩም። ካልኩለስ አንድን ሳልጨርስ ሁለት ልግባ አላልኩም። የለመንኩት ሌላ ነገር ነው። በዚያው ሴሚስተር ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች አፕላይድ ማቲማቲክስ አንድ ይሰጥ ነበር። የሚያስተምሩት የእኛው ክፍል መምህራን ናቸው። ይዘቱ ሊሚት፣ ኮንቲኒዩቲ፣ ዴሪቬቲቭ፣ ኢንቲግራል ነው፤ ተጨማሪ ቬክተርና ማትሪክስ አለው። ከእነሱ ጋር ልማርና በእኔ ኮርስ ልፈተን አልኩ። መልሱ የኮርሱ ኮድ አይመሳሰልም የሚል ነበር። ክረምት ላይ ደግሞ ለሥራ ላይ መምህራን ካልኩለስ በዚያው ግቢ፣ በዚያው ክፍል ይሰጥ ነበር። እሱንም ለመደበኛ ተማሪ አይሆንም አሉኝ። ሰሌዳው አለ፣ መምህሩ አለ፣ ትምህርቱ አለ። ለእኔ ብቻ የለም።

የዶርም ቁልፌንና የካፌ ካርዴን አስረክቤ ጅማ ተመለስኩ። ዓመቱን እዚሁ ጅማ መርካቶ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ስሸጥ አሳለፍኩት። ሰፈሩ ሁሉ ተባሮ መጣ ብሎ አወራ። እናቴ ልጄ አልተባረረም፣ ኮርሱ እስኪከፈት ነው ብላ ለጠየቃት ሁሉ ስታስረዳ ከረመች። የእናንተ ዘገባ ያን ጊዜ ወጥቶ ቢሆን እሷም ውሸታም በተባለች ነበር።

ስህተቱ እዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ዘጋቢው ግን መጨረሻ ላይ መፍትሔም አመጣ። ፕሪሪኩዚት፣ ማለትም አንዱን ኮርስ ሳያልፉ ሌላውን አለመመዝገብ፣ ይላላ፣ ተማሪው የፈለገውን ኮርስ በፈለገው ጊዜ ይውሰድ አለ። ዓመቴ ስለተበላ ይህን የምደግፍ ሊመስላችሁ ይችላል። በፍጹም አልደግፍም። ፕሪሪኩዚትን ሬጅስትራር አልፈጠረውም። ሒሳቡ ራሱ ነው የሚጠይቀው።

ካልኩለስ ሁለት ላይ ሲሪስ የሚባል፣ ሳያቋርጡ ስለሚቀጥሉ ድምሮች የሚያስተምር ምዕራፍ አለ። 1 ሲደመር 1/2 ሲደመር 1/3 እያለ የሚቀጥለው ድምር ማለቂያ የለውም፣ የፈለጋችሁትን ቁጥር ያልፋል። 1 ሲደመር 1/4 ሲደመር 1/9 እያለ የሚሄደው ግን ምንም ቢረዝም 2 አይደርስም። በዓይን ሲታዩ የሁለቱም ተርሞች (ተደማሪዎች) እየቀነሱ ነው የሚሄዱት። ልዩነቱን የሚያሳየው ኢንቲግራል ቴስት ነው። እሱ ደግሞ ላይኛው ወሰኑ ወደ ኢንፊኒቲ የሚሄድ ኢንቲግራል ይፈልጋል፤ ያ ኢንቲግራል ራሱ ሊሚት ነው፣ ስሌቱ እየተጠጋው የሚሄደው ቁጥር ማለት ነው። ሊሚት ደግሞ የካልኩለስ አንድ ትምህርት ነው። ሊሚት ያልገባውን ልጅ እዚያ ክፍል አስቀምጣችሁ ምን እንዲያደርግ ነው የምትጠብቁት? ይሸመድዳል። ሌላ አማራጭ የለውም።

ካልኩለስ ሦስት ላይ ድርብ ኢንቲግራልን ወደ ፖላር ኮኦርዲኔት (ነጥብን በርቀትና በማዕዘን ወደሚገልጸው) ሲለውጡ አንድ አር፣ ርቀቷ፣ በማባዣነት ትጨመራለች። ከየት እንደመጣች የሚያሳየው ጃኮቢያን ነው፣ ጃኮቢያን ደግሞ ዲተርሚናንት ነው፣ ዲተርሚናንት ሊኒየር አልጀብራ የሚባለው የሌላ ኮርስ ትምህርት ነው። ግሩፕ ቲዎሪ ላይ ብትሄዱም ያው ነው። ግሩፕ አባላቱ በአንድ ስሌት የሚጣመሩ ስብስብ ነው፣ ሰብግሩፕ ደግሞ በውስጡ ያለ ሌላ ግሩፕ። 12 አባላት ያሉት ግሩፕ 5 አባላት ያሉት ሰብግሩፕ ሊኖረው አይችልም፣ 12 ለ5 እኩል አይካፈልምና፤ የላግራንዥ ቲዎረም ይከለክላል። ማረጋገጫው የቆመው ኢኩዊቫለንስ ሬሌሽን (አባላትን እርስ በርስ አቻ የሚያደርግ ዝምድና) አንድን ስብስብ ሳይደራረብ ይከፋፍላል በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። ያ ሐሳብ ቀድሞ ካልተማሩት ግሩፕ ቲዎሪ ውስጥ ቆሞ የሚያስረዳችሁ መምህር አታገኙም፤ ጊዜም የለውም።

በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ፕሪሪኩዚቱን አንስታችሁ ልጁን እየዘለለ እስከ መጨረሻው ብታደርሱት እዚያ ይያዛል። ያን ጊዜ ደግሞ ሰነፍ ነው ትሉታላችሁ።

እውነት ነው፣ ሁሉም ማሰሪያ እኩል የጠበቀ አይደለም። የነምበር ቲዎሪ መግቢያ ካልኩለስ አይጠይቅም። ማካፈል፣ ፕራይም ቁጥርና ኢንዳክሽን የሚያውቅ ልጅ ሊማረው ይችላል። የግራፍ ቲዎሪ መግቢያም እንዲሁ። ካልኩለስ ሁለት የተዘጋበት ተማሪ ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ ከሚሄድ በዚያ ሴሚስተር እንደነዚህ ያሉትን ቢወስድ ምን ይጎዳል? እኔ ይህንን ያቀረበልኝ አድቫይዘር (አማካሪ መምህር) አላገኘሁም። ዘጋቢያችሁ መጠየቅ የነበረበት እዚህ ጋ ነበር። ፕሪሪኩዚቱ ለምን አለ ብሎ ከሚጠይቅ፣ ፕሪሪኩዚት የሆነ ኮርስ ለምን በዓመት አንዴ ብቻ ይከፈታል ብሎ መጠየቅ። ብዙ ልጅ የሚወድቅበትና ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለበት ኮርስ ነው፤ በየሴሚስተሩ መከፈት ያለበት እሱ ነው።

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ተማሪው ጥቂት ነው፣ ለአምስት ልጅ መምህር አይመደብም ይባላል። የመምህራን እጥረት እውነት ነው፣ እኔም መምህር ነኝ፣ ጫናው ይገባኛል። ግን የነገርኳችሁ ሁለቱ መንገዶች አዲስ መምህር አይፈልጉም። የኢንጂነሪንጉ ክፍል ውስጥ አምስት ወንበር መጨመርና የፈተና ወረቀቱን መለየት ነው። ክረምቱም እንዲሁ። ቤት የተቀመጠ ልጅ የሚያጣው የአንድ ዓመት ደመወዝም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

የመጨረሻው ቅሬታዬ ስለተናገሩት ሰዎች ነው። ሁለት ኃላፊዎችና አንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ አናገራችሁ። ስለ ሒሳብ ተማሪ በተጻፈ ዘገባ ውስጥ የሒሳብ ተማሪ የለም። ከአዲስ አበባ ውጭም ማንም የለም። ከዚያ ተነስታችሁ ልጆቹ ትምህርቱን ስለማይወዱት ነው የሚወድቁት ብላችሁ ደመደማችሁ። ብዙዎቹ ሳይመርጡት የተመደቡ ናቸው፣ አዎ። እኔ ግን ሒሳብን መርጬ፣ ወድጄ ነው የገባሁት። ከጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከሰቃ እንደኔ መርጠው የገቡ ልጆች አውቃለሁ። ቤት ያስቀመጣቸው ጥላቻ አይደለም። ስለ እኛ ስትጽፉ ስልክ ደውሉልን፤ እናነሳለን።

የምጠይቀው ማረሚያ እንድታወጡ ነው። በዘገባው ልክ፣ በዚያው ገጽ ላይ፣ በዓመት አንዴ የሚሰጥ ኮርስን የወደቀ ተማሪ በሚቀጥለው ሴሚስተር ሊወስደው እንደማይችል በግልጽ ይጻፍ። ለደወሉልኝ አባት ቆርጬ እሰጣቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብ መምህር፣ ጅማ