ስለ ካስፓሮቭና ቶፓሎቭ የቼዝ ጨዋታ ለአባቴ

ውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር፣ የቼዝ ተጫዋቹ ጋሪ ካስፓሮቭ እ.ኤ.አ. በጥር 1999 በኔዘርላንድስ ዋይክ አን ዜ ቬሴሊን ቶፓሎቭን ያሸነፈበት ጨዋታ ውበቱ ሁሉ በግንቡ መሥዋዕት ላይ፣ ማለትም ግንቡን ሆን ብሎ ለመበላት በመስጠቱ ላይ ነው ብለውኝ ነበር። ጨዋታውን ደግሜ በሰሌዳው ላይ ስከተለው ግን ሐሳቤ ከእርስዎ ትንሽ ተለየ።

ነጭ የያዘው ካስፓሮቭ በ24ኛው እርምጃ ዲ4 በተባለው የሰሌዳው ካሬ ላይ ያለውን ወታደር በግንቡ በላ። ቶፓሎቭ ግንቡን ትቶ ንጉሡን ወደ ቢ6 ቢያወጣ ኖሮ ጨዋታው ሚዛኑን ጠብቆ በቀጠለና ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው ባልኖረ ነበር። እርሱ ግን ግንቡን በላ። ወዲያው ሁለተኛው ግንብ ኢ7 ላይ ቼክ አለ፣ ማለትም ንጉሡን አስፈራራ፤ የጥቁር ንግሥት ብትበላው ማት፣ ማለትም ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ መሸነፍ፣ ይከተላል። ከዚያ በኋላ ጥግ ይዞ መደበቅ የሚገባው ንጉሥ በኤ5 ፈረሱን፣ በኤ3 ወታደሩን እየበላ ሠራዊቱን ወደ ኋላ ትቶ እስከ ነጭ የመጨረሻ ረድፍ፣ እስከ ዲ1 ድረስ ተነዳ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ 36ኛው እርምጃ ነው። ካስፓሮቭ አራት ጊዜ በተከታታይ ቼክ ካለ በኋላ፣ ሌላ ተጫዋች ቢሆን ማሳደዱን በሚቀጥልበት ሰዓት፣ ከ19ኛው እርምጃ ጀምሮ ኤች3 ላይ የቆየውን ጳጳስ ያለ ምንም ቼክ ወደ ኤፍ1 መለሰው። ጳጳሱ ሲ4 ላይ ያለችውን ንግሥት ያስፈራራል፤ ንግሥቲቱ ብትበላው ደግሞ የነጭ ንግሥት በሲ2፣ ቀጥሎም ግንቡ በኢ7 ቼክ ብለው ንጉሡን ያጠምዱታል። በሩጫ መካከል እንዲህ ያለ የረጋ እርምጃ ማየት ከመሥዋዕቱ ይልቅ ከባድ ይመስለኛል።

ለቶፓሎቭም ክብር ይገባዋል እላለሁ። ፈተናውን ባይቀበልና እስከ 44ኛው እርምጃ ባይታገል ኖሮ ካስፓሮቭ ብቻውን ይህን ጨዋታ ሊሠራው ባልቻለ ነበር።

እባክዎ ሰሌዳውን 35ኛው እርምጃ ላይ አቁመው፣ ወደ ኤፍ1 ከመሄድ ሌላ የሚያሸንፍ መንገድ ለነጭ ይፈልጉለትና ያገኙትን ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ