ለሰፈራችን የጋራ አትክልት ቦታ የጽሑፍ ፈቃድ ይሰጠን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

በደሴ ከተማ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የምንኖር 12 ቤተሰቦች፣ ለዓመታት የፍርስራሽና የፌስታል መጣያ ሆኖ የቆየን ክፍት ቦታ የጋራ የአትክልት ማሳ ለማድረግ ከጥር ወር ጀምሮ ስንደክም ቆይተናል። የወሎ ደጋ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብም ስላለው፣ አስቀድሞ መሬቱን ቆፍሮና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሎ መደቡን ያላዘጋጀ ሰው ዝናቡ ሲመጣ እጁን አጣጥፎ መመልከቱ አይቀርም። መጀመሪያ ስንቆፍር የወጣልን የብሎኬት ስብርባሪና የዛገ ምስማር ነበር፤ አንዲት ጎረቤታችን ፍግ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው ባይደርሱልን ኖሮ ተስፋ እንቆርጥ ነበር።

የጥቅል ጎመኑን ችግኝ ለብቻው ማፍላታችን ልክ ነበር፤ ካሮቱን ግን እንደ ጎመን ነቅለን ማዛወራችን ስሕተት ነበር፣ ካሮት እዚያው በዘር ካልተዘራ ሥሩ ይጣመማልና። ከኮምቦልቻ የመጣ ዘመዳችን በቲማቲሙ ቢኮራብንም፣ ከእነሱ 600 ሜትር ያህል ከፍ ብለን የምንኖር እኛ የሌሊቱን ብርድ ሳናስብ መትከል አንችልም።

ቅሬታችን ግን ከአፈሩ ጋር አይደለም። በቦታው እንድንጠቀም በቃል ተፈቅዶልናል፤ በጽሑፍ እንዲሰጠን 3 ጊዜ ብንመላለስም «ሰኞ ኑ» ከመባል በቀር ያገኘነው የለም። ቦታው ነገ ለሌላ ይሰጥ እንደሆነ የማያውቅ ሰው የአፕል ችግኝ አይተክልም፣ ለውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶም ገንዘብ አያዋጣም። ስለዚህ በልጉ ሳያልፍ፣ ቢያንስ ለ2 ዓመት የሚያገለግል አጭር ደብዳቤ እንዲጻፍልን በጋዜጣችሁ በኩል በአክብሮት እንጠይቃለን።

አንድ ነዋሪ፣ ከደሴ